ፓወር ትራንዚስተሩ ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም? መልቲሜትር የሚነግረን እና የማይነግረን

ሲያበሩት ፊውዝ የሚበጥስ ፓወር ሰፕላይ፣ ጉርምርምታ ብቻ የሚያሰማ አምፕሊፋየር ወይም ጭነት እንደተሰጠው የሚዘጋ ኢንቨርተር ሲከፈት፣ ጠጋኙ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፓወር ትራንዚስተሩን ነው። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልመጣም፤ በመሣሪያው ውስጥ ከፍተኛውን ፍሰት የሚሸከመውና ብዙውን ሙቀት የሚያወጣው እሱ ነውና። ችግሩ የሚፈጠረው ጥርጣሬው በአግባቡ ሳይጣራ ሲቀር ነው። ጤነኛ የሆነው ተነቅሎ ይጣላል፣ የታመመው ደግሞ «ደህና ነው» ተብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ አዲስ የተገዛውም ገና በተገጠመበት ቅጽበት ይቃጠላል።

በዚህ ማብራሪያ በተራ መልቲሜትር የሚደረገው ምርመራ እንዴት እንደሚሠራ፣ ንባቡ ምን ማለት እንደሆነ እና የት ላይ እንደሚያሳስት እንመለከታለን። ከመነሻው አንድ ነገር መያዝ ይጠቅማል፦ መልቲሜትር ከቦርዱ ስለወጣ ትራንዚስተር «ሞቷል» ብሎ ሲመሰክር፣ ልኬቱ በትክክል ከተደረገ፣ ምስክርነቱ ይታመናል፤ «ደህና ነው» ሲል ግን የመረመረው ከትራንዚስተሩ ሥራ ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነው።

ፓወር ትራንዚስተር ምንድን ነው?

ትራንዚስተር በአነስተኛ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚቆጣጠር አካል ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ በቤል ላቦራቶሪ በጆን ባርዲን እና በዋልተር ብራታይን እጅ ሲሠራ እጅግ ደካማ ምልክት ማጉላት የሚችል ነበር። ፓወር የሚለው ስያሜ የተሰጠው ከዚያ በኋላ ለመጡት፣ ብዙ አምፔር ለመሸከም ወይም ከፍተኛ ቮልቴጅ ለመቋቋም ለተሠሩት ነው። ለምሳሌ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው 2ኤን3055 እስከ 15 አምፔር እንዲያሳልፍ የተሠራ ሲሆን፣ በቂ ቅዝቃዜ እስካገኘ ድረስ እስከ 115 ዋት ሙቀት ማስወገድ ይችላል።

የውኃ ቧንቧ ምሳሌ ነገሩን ያቀልለዋል። መክፈቻውን ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ትንሽ ነው፤ በቧንቧው የሚያልፈው ውኃ ግን ብዙ ነው። ባይፖላር በሚባለው ዓይነት ትራንዚስተር ውስጥ መክፈቻው ቤዝ ይባላል፤ ትልቁ ፍሰት የሚያልፈው በኮሌክተር እና በኤሚተር መካከል ነው። ሞስፌት በሚባለው ዓይነት ደግሞ መክፈቻው ጌት፣ የፍሰቱ ሁለት ጫፎች ድሬን እና ሶርስ ናቸው። ሁለቱን አዋህዶ የያዘው አይጂቢቲ ጌት፣ ኮሌክተር እና ኤሚተር አለው።

በሁለቱ መክፈቻዎች መካከል ያለው ልዩነት ለምርመራው ወሳኝ ነው። የባይፖላሩ መክፈቻ እጅ እስከያዘው ድረስ ብቻ ይከፈታል፤ ማለትም በቤዙ ያለማቋረጥ ፍሰት መግባት አለበት። የሞስፌቱ መክፈቻ ግን ካዞሩት በኋላ እጅ ቢነሳም በነበረበት ይቆያል፤ ጌቱ እንደ ጥቃቅን ካፓሲተር ቻርጅ ይዞ ስለሚያቆይ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ጤነኛ ሞስፌቶችን ይጥላል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሲበላሽ ውስጡ ምን ይሆናል?

በጥቁሩ ፕላስቲክ ወይም በብረቱ ሽፋን ውስጥ ያለው ሥራውን የሚሠራው ክፍል ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያላት የሲሊከን ቅንጣት ናት። ይህች ቅንጣት እንደ ዓይነቷ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ እንድትቋቋም ተደርጋ ትሠራለች። ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ፣ ወይም ከአቅሟ በላይ የሆነ ቮልቴጅ ለቅጽበት ሲመታት፣ ፍሰቱ በአንድ ጠባብ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል፤ ነጥቡ ይበልጥ ይግላል፣ ይበልጥ የጋለውም ይበልጥ ፍሰት ይስባል፤ በመጨረሻም ሲሊከኑ እዚያ ቦታ ላይ ቀልጦ ሁለቱን ወገን ያገናኛል። በጥገና ቋንቋ «ሾርት አድርጓል» የሚባለው ይህ ነው፤ በፓወር ትራንዚስተር ላይ በብዛት የሚያጋጥመውም ይኸው ነው።

ሾርቱ ከተፈጠረ በኋላ ፊውዙ ቶሎ ካልተበጠሰ፣ ቅንጣቷን ከእግሮቹ ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ሽቦዎች ራሳቸው ይቀልጣሉ። ያኔ ትራንዚስተሩ ኦፕን ይሆናል፤ በየትኛውም አቅጣጫ ምንም አያሳልፍም። ከሁለቱ መካከል ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ብልሽት አለ፤ ተዘግቶ ሳለ ጥቂት የሚያሾልክ ወይም ሲሞቅ ብቻ የሚታመም። ጠጋኝን የሚያደክመውም ይኸው ሦስተኛው ነው። ከውጭ ሲታይ ሽፋኑ የፈነዳ ወይም የተሰነጠቀ ትራንዚስተር ማረጋገጫ አያሻውም፤ ነገር ግን የሞቱት አብዛኞቹ መልካቸው እንደ አዲስ ነው።

በሞስፌት ላይ አንድ ተጨማሪ ስስ ቦታ አለ። ጌቱን ከቀሪው ክፍል የሚለየው ከማይክሮሜትር እጅግ የቀጠነ የኦክሳይድ ንብርብር ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሞስፌቶች በጌት እና በሶርስ መካከል ከ20 ቮልት በላይ እንዳይሰጣቸው ይነገራል። በደረቅ አየር ምንጣፍ ላይ የተራመደ ሰው በገላው የሚሸከመው የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሊደርስ ስለሚችል፣ በእጅ መነካት ብቻ ያንን ንብርብር ሊበሳው ይችላል።

ከመለካቱ በፊት ምን መደረግ አለበት?

መሣሪያው ከኃይል መነቀሉ ብቻውን በቂ አይሆንም። ከ220 ቮልት መስመር በቀጥታ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ዋናው ካፓሲተር እስከ 310 ቮልት ገደማ ይሞላል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይዞት ሊቆይ ይችላል። ይህ መጠን ሰው ይገድላል። ስለዚህ በመጀመሪያ በዲሲ ቮልት ልኬት የካፓሲተሩን ጫፎች መለካት፣ ቮልቴጅ ካለ ደግሞ በደንብ በተሸፈነ ገመድ ላይ በተያያዘ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ኦም በሆነ ጠንካራ ሬዚስተር ማራገፍ፣ ከዚያም ድጋሚ መለካት ያስፈልጋል። በጠመንጃ መፍቻ ጫፎቹን ማገናኘት የተለመደ ቢሆንም ካፓሲተሩንም ቦርዱንም ዓይንንም ይጎዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው በትራንዚስተሩ ፊት ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ እና ዳታ ሺት የሚባለውን የአምራቹን መግለጫ ማየት ነው። በተለመደው ቲኦ-220 ሽፋን የሚመጡ ብዙ ሞስፌቶች ጽሑፉ ወደ ተመልካቹ፣ እግራቸው ወደ ታች ሲሆን ከግራ ወደ ቀኝ ጌት፣ ድሬን፣ ሶርስ ናቸው፤ ብዙ ባይፖላሮችም በዚሁ ቅደም ተከተል ቤዝ፣ ኮሌክተር፣ ኤሚተር ናቸው። የኋላው ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከመካከለኛው እግር ጋር የተገናኘ ነው። ይሁንና «ብዙ» ማለት «ሁሉም» ማለት ስላልሆነ፣ ቁጥሩን ሳያዩ በልማድ መለካት ከጅምሩ የተሳሳተ ፍርድ ያስከትላል።

ስለ መለኪያው ራሱም አንድ ማሳሰቢያ አለ። በዲጂታል መልቲሜትር ቀዩ ጫፍ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው። በብዙ የቀስት መለኪያዎች ላይ ግን በኦም ልኬት ጊዜ ጥቁሩ ጫፍ ፖዘቲቭ ይሆናል። በድሮ መለኪያ የሚለካ ሰው ከዚህ በታች የተጻፈውን ሁሉ ገልብጦ ማንበብ አለበት፤ ካልሆነ ኤንፒኤን የሚባለውን የባይፖላር ዓይነት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሠራው ፒኤንፒ ነው ይለዋል።

ባይፖላር ትራንዚስተር እንዴት ይለካል?

መልቲሜትሩ የዳዮድ ምልክት ወዳለበት ቦታ ይዞራል። በዚህ ቦታ መለኪያው አንድ ሚሊ አምፔር ገደማ የሆነ አነስተኛ ፍሰት በጫፎቹ መካከል ይልካል፤ ፍሰቱን ለማሳለፍ ስንት ቮልት እንዳስፈለገም በመስኮቱ ላይ ያሳያል። ፍሰቱ ጨርሶ ካላለፈ «ኦኤል» የሚል ምልክት ወይም በግራ በኩል ብቸኛ 1 ይታያል።

ባይፖላር ትራንዚስተር በመለኪያው ዓይን ሲታይ ቤዝ ላይ የተገናኙ ሁለት ዳዮዶችን ይመስላል፤ አንዱ ከቤዝ ወደ ኤሚተር፣ ሌላው ከቤዝ ወደ ኮሌክተር። ዳዮድ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚከፈት በር ነው፤ ከትክክለኛው ወገን ሲገፉት ይከፈታል፣ ከሌላው ወገን ሲገፉት ይዘጋል። ምሳሌው ለምርመራ ብቻ የሚያገለግል መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ሁለት ዳዮዶችን ጀርባ ለጀርባ ስለበየዱ ብቻ ትራንዚስተር አይገኝም፤ ትራንዚስተርን ትራንዚስተር ያደረገው በመካከል ያለው ቤዝ እጅግ ስስ መሆኑ ነው፤ ይህን ደግሞ የዳዮድ ልኬቱ አያየውም።

ከቦርዱ የወጣ 2ኤን3055 በእጃችን ላይ አለ እንበል። ዓይነቱ ኤንፒኤን ነው፤ ሁለት እግር እና እንደ ቆብ ያለ የብረት አካል አለው። እግሮቹ ቤዝ እና ኤሚተር ሲሆኑ ኮሌክተሩ ራሱ ብረቱ ነው። ቀዩን ጫፍ ቤዙ ላይ፣ ጥቁሩን ኤሚተሩ ላይ ስናደርግ 0.58 የሚያህል ቁጥር ይታያል። ቀዩን ሳናነሳ ጥቁሩን ወደ ብረቱ አካል ስናዞር ቁጥሩ በጥቂቱ ዝቅ ይልና 0.56 አካባቢ ይሆናል። ጥሩ ሲሊከን ትራንዚስተር በዚህ አቅጣጫ ከ0.45 እስከ 0.7 ባለው ክልል ያነባል። ጥቁሩን ቤዙ ላይ አድርገን በቀዩ ኤሚተሩን እና ብረቱን በየተራ ስንነካ ሁለቱም ጊዜ ኦኤል መታየት አለበት። በመጨረሻ ከብረቱ ወደ ኤሚተር በሁለቱም አቅጣጫ እንለካለን፤ እዚህም ኦኤል ነው የሚጠበቀው። ፒኤንፒ ከሆነ ንባቡ የሚታየው ጥቁሩ ጫፍ ቤዙ ላይ ሲሆን ነው።

የንባቦቹ ትርጉም ከዚህ በኋላ አያስቸግርም። ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ከታየ ትራንዚስተሩ ሾርት አድርጓል፤ ብዙውን ጊዜ ብልሽቱ የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው። ከቤዝ የሚነሳው ንባብ በሁለቱም አቅጣጫ ኦኤል ከሆነ ኦፕን ነው። ኦኤል ይጠበቅ በነበረበት አቅጣጫ 1.2 ወይም 1.8 ዓይነት ቁጥር ከታየ፣ በውስጡ ተጨማሪ አካል ከሌለ በቀር፣ የሚያሾልክ ትራንዚስተር ይዘናል ማለት ነው። ንባቡ አጠራጣሪ ሲሆን ከሁሉ የሚሻለው ዳኛ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ጤነኛ ትራንዚስተር ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ለክቶ ማነጻጸር ከብዙ ግምት ያድናል።

ቁጥሩ የጠፋበት ትራንዚስተር ሲያጋጥምም በዚሁ ልኬት ቤዙን መፈለግ ይቻላል። ከሁለቱም ሌሎች እግሮች ጋር በአንድ አቅጣጫ ንባብ የሚሰጠው እግር ቤዝ ነው፤ በጥቂቱ ከፍ ያለ ንባብ ያሳየው ወገን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኤሚተሩ ነው።

ጤነኛው ለምን የተበላሸ ይመስላል?

አንዳንድ ትራንዚስተሮች በሽፋናቸው ውስጥ ብቻቸውን አይደሉም። በቀድሞ ባለ ካቶድ ሬይ ቴሌቪዥኖች ውስጥ ይሠሩ ከነበሩት የሆሪዞንታል ትራንዚስተሮች ብዙዎቹ በቤዝ እና በኤሚተር መካከል ጥቂት አሥር ኦም ብቻ የሆነ ሬዚስተር፣ በኮሌክተር እና በኤሚተር መካከል ደግሞ ዳዮድ በውስጣቸው አለ። እንዲህ ያለውን ትራንዚስተር በዳዮድ ልኬት የነካ ሰው ከቤዝ ወደ ኤሚተር በሁለቱም አቅጣጫ ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ያያል፤ መለኪያው ይጮህም ይሆናል፤ ትራንዚስተሩ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ ኦም ልኬት ቀይሮ ትክክለኛውን መጠን ማየት ያስፈልጋል። እውነተኛ ሾርት ከአንድ ኦም ያነሰ ሲሆን፣ የውስጥ ሬዚስተር ግን የራሱ የታወቀ ዋጋ አለው።

ዳርሊንግተን የሚባለውም እንዲሁ ነው። በአንድ ሽፋን ውስጥ ሁለት ትራንዚስተሮች ተከታትለው የተገናኙ በመሆናቸው፣ ከቤዝ ወደ ኤሚተር ያለው ንባብ ከተራው ከፍ ይላል፤ በውስጡ ባሉት ሬዚስተሮች ምክንያትም በተቃራኒው አቅጣጫ ጥቂት ሊያሳልፍ ይችላል። እዚህ ላይ ዳታ ሺቱን ያላየ ሰው በንባቡ ሊፈርድ አይችልም።

ሞስፌት እና አይጂቢቲስ?

ሞስፌት ሲለካ የመጀመሪያው ሥራ ጌቱን ከሶርሱ ጋር በብረት ለቅጽበት አገናኝቶ የያዘውን ቻርጅ ማራገፍ ነው። ይህ ካልተደረገ፣ ቀደም ሲል በአጋጣሚ የተነካው ጌት ሞስፌቱን ከፍቶት ስለሚቆይ በድሬን እና በሶርስ መካከል ሾርት የሚመስል ንባብ ይታያል። ቅድም መክፈቻው እጅ ቢነሳም በነበረበት ይቆያል ያልነው ይህን ነው። ብዙ ሰው ይህን ንባብ አይቶ አካሉን ወደ ቆሻሻ ይጥላል።

ኤን ቻናል የሆነውን አይአርኤፍዜድ44ኤን እንውሰድ። ጌቱ ከተራገፈ በኋላ ቀዩን ሶርሱ ላይ፣ ጥቁሩን ድሬኑ ላይ ስናደርግ ከ0.4 እስከ 0.6 የሚሆን ንባብ ይመጣል፤ ይህ በሞስፌቱ አሠራር ውስጥ በተፈጥሮው ያለ ዳዮድ ነው። ጫፎቹን ስናገላብጥ ኦኤል ይሆናል። ከጌት ወደ ሁለቱም እግሮች በሁለቱም አቅጣጫ ኦኤል ካልታየ የኦክሳይዱ ንብርብር ተበስቷል፤ ያ ሞስፌት አብቅቶለታል።

አሁን መክፈቻውን እንሞክር። ጥቁሩ ሶርሱ ላይ እንዳለ ቀዩን ጌቱ ላይ ለአንድ ሰከንድ እንነካና ወደ ድሬኑ እናዞረዋለን። ቀድሞ ኦኤል የነበረው ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ከሆነ ሞስፌቱ ተከፍቷል። ከዚያ ጌቱን እና ሶርሱን በጣት ስናገናኛቸው ተመልሶ ወደ ኦኤል ይሄዳል። ይህን መክፈትና መዝጋት ያሳየ ሞስፌት ጌቱ እንደሚሠራ አስመስክሯል፤ የዳዮድ ንባብ ብቻውን ይህን አያሳይም።

አንዳንዴ ጤነኛው ሞስፌት በዚህ መንገድ አይከፈትም። ምክንያቱ የመለኪያው ቮልቴጅ ማነስ ነው። ተራ ፓወር ሞስፌት መከፈት የሚጀምረው ጌቱ ከ2 እስከ 4 ቮልት ሲያገኝ ሲሆን፣ ብዙ መልቲሜትሮች በዳዮድ ልኬት ከ3 ቮልት ያልበለጠ ነው የሚሰጡት። እንዲህ ሲሆን የ9 ቮልት ባትሪ ኔጌቲቩን ሶርሱ ላይ፣ ፖዘቲቩን በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ጌቱ ላይ ለቅጽበት አድርጎ መሙላት ይቻላል። አይጂቢቲ ለመከፈት ከዚህም ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚፈልግ በመልቲሜትር ብቻ አይከፈትም ማለት ይቻላል፤ ባትሪው ግን ይከፍተዋል። ሲከፈትም በኮሌክተር እና በኤሚተር መካከል የሚታየው ዜሮ ሳይሆን ዳዮድ የሚመስል ንባብ ነው። በውስጡ ዳዮድ የተገጠመለት አይጂቢቲ በአንድ አቅጣጫ ንባብ ይሰጣል፤ ያልተገጠመለት በሁለቱም ኦኤል ነው።

ቦርዱ ላይ እያለ መለካት ይቻላል?

ለመጀመሪያ ፍተሻ ይቻላል፤ ለመጨረሻ ፍርድ ግን አይበቃም። መለኪያው የሚያየው በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን መንገድ ሁሉ እንጂ ትራንዚስተሩን ብቻ አይደለም። ከጎኑ ያለ የትራንስፎርመር ጥቅልል፣ አነስተኛ ሬዚስተር ወይም ሌላ ትራንዚስተር የራሱን መንገድ ይከፍታል፤ በቦርድ ላይ ጤነኛ ንባብ ካገኘን ደስ ይላል፣ ሾርት ካገኘን ግን ማን ነው ብለን መጠየቅ አለብን።

በአንድ ወቅት የከፈትኩት አምፕሊፋየር በእያንዳንዱ ወገን ሦስት 2ኤስሲ5200 እና ሦስት 2ኤስኤ1943 የሚባሉ ፓወር ትራንዚስተሮች ነበሩት። ሦስቱም 2ኤስሲ5200 በቦርድ ላይ ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር ከግማሽ ኦም በታች አነበቡ። የሦስቱ ኮሌክተሮች በቀጥታ የተገናኙ ናቸው፤ ኤሚተሮቻቸው ደግሞ በየራሳቸው 0.22 ኦም ሬዚስተር በኩል ይገናኛሉ፤ ስለዚህ አንዱ ሾርት ካደረገ ሦስቱም ሾርት ይመስላሉ። የመጀመሪያውን ነቀልኩ፤ ጤነኛ ነበር። ሁለተኛውን ነቀልኩ፤ እሱም ጤነኛ። ጥፋተኛው ሦስተኛው ሆኖ ተገኘ። በኋላ ቦርዱን ጠጋ ብዬ ሳየው የሦስተኛው ኤሚተር ሬዚስተር ነጭ አካል ወደ ቡናማ አድልቶ ነበር፤ መለኪያውን ከማንሳቴ በፊት ዓይኔን ብጠቀም ኖሮ ሁለት ጊዜ ካውያ ማሞቅ ባላስፈለገኝ ነበር።

ትራንዚስተሩን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ሳያስፈልግም ቤዙን ወይም ጌቱን እና ኤሚተሩን ወይም ሶርሱን ከቦርዱ ነጥሎ መለካት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አንዱ እግር ብቻ የቀረው አካል በዙሪያው ያለው ሊያሳስተው አይችልምና።

መለኪያው «ደህና ነው» ካለ በኋላ ለምን አይሠራም?

ምርመራው የተደረገው በአንድ ሚሊ አምፔር እና በ3 ቮልት ገደማ ነው። ትራንዚስተሩ የሚሠራው ግን በብዙ አምፔር፣ ምናልባትም በመቶ ቮልቶች ነው። ባዶ ከረጢት ሲያነሱት ቀዳዳው አይታወቅም፤ እህል ሲሞላበት ነው የሚያፈሰው። በ3 ቮልት ፍጹም ዝግ የሆነ ትራንዚስተር በ200 ቮልት ሊያሾልክ ይችላል፤ በክፍሉ ሙቀት ጤነኛ የሆነውም 90 ዲግሪ ሲደርስ ሊታመም ይችላል። በብዙ መልቲሜትሮች ላይ ያለው ኤችኤፍኢ የሚባለው የማጉላት መጠን መለኪያም ከዚሁ ችግር አያመልጥም። 2ኤን3055 በ4 አምፔር ከ20 እስከ 70 እጥፍ እንዲያጎላ የተገለጸ ሲሆን፣ መለኪያው ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ፍሰት ስለሚለካ የሚያሳየው ቁጥር ስለ ጭነት ጊዜ ብዙም አይናገርም።

ወደ እውነቱ ጠጋ የሚያደርግ ቀላል ዘዴ በመብራት መሞከር ነው። ለኤንፒኤን ባይፖላር 12 ቮልት ዲሲ፣ 12 ቮልት እና 5 ዋት የሆነ አምፖል እንዲሁም 220 ኦም እና 1 ዋት የሆነ ሬዚስተር ይበቃል። ኤሚተሩ ወደ ኔጌቲቭ፣ ኮሌክተሩ በአምፖሉ በኩል ወደ ፖዘቲቭ ይያያዛል። ቤዙ ሳይነካ አምፖሉ ፈጽሞ መጥፋት አለበት፤ ጭላንጭል ካለ ትራንዚስተሩ ያሾልካል። ቤዙ በሬዚስተሩ በኩል ወደ ፖዘቲቭ ሲነካ አምፖሉ ሙሉ በሙሉ መብራት፣ በኮሌክተር እና በኤሚተር መካከል የሚለካው ቮልቴጅም ከ1 ቮልት በታች መውረድ ይኖርበታል። ደብዘዝ ብሎ የበራ አምፖል የማጉላት አቅሙ የደከመ ትራንዚስተር ምልክት ነው። ይህን ሙከራ በሞስፌት ላይ ስናደርግ ጌቱን ከለቀቅነው በኋላም አምፖሉ ሊበራ ይችላል፤ ጌቱ ቻርጁን ስለያዘ እንጂ ስለተበላሸ አይደለም።

ይህም ሆኖ የ12 ቮልቱ ሙከራ ከፍተኛ ቮልቴጅን አይፈትንም። ሌላ ነገር ሁሉ ተጣርቶ ምልክቱ ወደ ትራንዚስተሩ ብቻ የሚያመለክት ከሆነ፣ ከታመነ ምንጭ በተገኘ ሌላ መተካት ከማንኛውም መለኪያ የበለጠ መልስ ይሰጣል። ከታመነ ምንጭ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በታዋቂ ቁጥር የታተመበት ሽፋን ውስጥ ትንሽ ቅንጣት የያዘ አስመሳይ ትራንዚስተር በገበያ ላይ አለ፤ በመልቲሜትር ከእውነተኛው ጋር አንድ ዓይነት ያነባል፤ ጭነት ሲያገኝ ነው ማንነቱ የሚገለጠው።

አዲሱ ወዲያው ለምን ይቃጠላል?

ምክንያቱ የመጀመሪያውን የገደለው ነገር አሁንም ቦርዱ ላይ ስላለ ነው። ሞስፌት ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ በጌቱ በኩል ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ኋላ ይልካል፤ በዚያ መንገድ ላይ ያለውን የጌት ሬዚስተር እና ጌቱን የሚያንቀሳቅሰውን አይሲ ይዞ ይሄዳል። በአምፕሊፋየር ውስጥ ደግሞ ከፓወር ትራንዚስተሮቹ ቀድመው ያሉት ድራይቨሮች (እነሱን የሚነዱት ትራንዚስተሮች) እና የኤሚተር ሬዚስተሮች መለካት አለባቸው። በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ጥቅልሉ ሲቋረጥ የሚፈጥረውን የቮልቴጅ ምት የሚውጡት ዳዮድ እና ካፓሲተር ከደከሙ፣ አዲሱም ትራንዚስተር በዚያው ምት ይመታል።

የማቀዝቀዣው ነገርም እዚህ ላይ ይነሳል። የትራንዚስተሩ የኋላ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከኮሌክተሩ ወይም ከድሬኑ ጋር የተገናኘ በመሆኑ፣ ከማቀዝቀዣው አሉሚኒየም የሚለየው ማይካ ወይም የጎማ ንጣፍ ያስፈልገዋል። ንጣፉ ከተቀደደ ወይም የብሎኑ ፕላስቲክ ቀለበት ከተረሳ ጤነኛው ትራንዚስተር በሰከንድ ውስጥ ከማቀዝቀዣው ጋር ሾርት ያደርጋል፤ ከማብራት በፊት በብረቱ እና በአሉሚኒየሙ መካከል ኦኤል መኖሩን መለካት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። የደረቀ የሙቀት ቅባትም ተጠርጎ በአዲስ መተካት አለበት፤ ስስ ተደርጎ እንጂ እንደ ቅቤ ተለድፎ መሆን የለበትም።

ለመጀመሪያው ማብራት የቆዩ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ። ከ60 እስከ 100 ዋት የሆነ የቀድሞው ባለ ክር አምፖል በመሣሪያው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ በተከታታይ ይያያዛል፤ ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ሁሉም ነገር ደህና ከሆነ አምፖሉ ካፓሲተሩ ሲሞላ ለቅጽበት ቦግ ይልና ይደበዝዛል። ሳይደበዝዝ በሙሉ ብርሃኑ ከቆየ ግን ቦርዱ ውስጥ ሾርት አለ፤ ኃይሉን ያጠፋው አምፖሉ ስለሆነ አዲሱ ትራንዚስተር የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ መሣሪያው ተነቅሎ፣ ካፓሲተሩ ተራግፎ ፍለጋው ይቀጥላል።